በፊውዝ እግር ላይ የተጠመጠመችው ሽቦ፦ በአንዲት ካምሪ ውስጥ የተገጠመ የራዳር ጠቋሚ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ የ2019 ቶዮታ ካምሪ ናት። ባለቤቷ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ባልቲሞር በሚገኝ ሆስፒታል በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ነርስ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ወደምሠራው ወደ እኔ የመጣው የራዳር ጠቋሚ፣ ማለትም የፖሊስን የፍጥነት መለኪያ ራዳር ሰምቶ የሚጮህ መሣሪያ፣ ግጠምልኝ ብሎ አይደለም። ጠቋሚው ከተገጠመ ዓመት አልፎታል። የመጣው መኪናዋ ባትሪ እየጨረሰች ስላስቸገረችው ነው።

«ጋሼ፣ በአራት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ሞተብኝ» አለኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ። የመጀመሪያው የሞተው ለአባቱ ሙት ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ በቆየባቸው 23 ቀናት ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ጓደኛው ሸኝቶት ካምሪዋ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ነበር። ተመልሶ የበሩን መክፈቻ ቢጫን ድምፅ የለም። ጎረቤቱ ከራሱ መኪና በኬብል አስነሥቶለት ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት፤ «ባትሪው አርጅቷል» ተባለና አዲስ ተገዛ። አዲሱ ባትሪ ከገባ ሦስት ወር ሳይሞላው ሰውየውን ከባድ ጉንፋን ስምንት ቀን አልጋ ላይ አዋለው። በዘጠነኛው ቀን ወደ ሥራ ሊሄድ ሲነሣ መኪናዋ እንደገና ዝም።

ጥያቄው «ዲናሞው ይታይልኝ» የሚል ነበር። ዲናሞው ምንም አልሆነም። ሞተሩ ሲነሣ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት ይለካል፤ የፊት መብራቱንና ማራገቢያውን ሁሉ ስከፍትም ከ13.9 አልወረደም። የሚያመርተው ደህና ከሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ተደብቆ የሚበላውን መፈለግ ነው።

የተኛች መኪና ምን ያህል እንደምትበላ ለመለካት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኮፈኑን ከፍቼ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢቴ ገፋሁት፤ መኪናዋ ኮፈኑ እንደተዘጋ እንድትቆጥር ነው። በሮቹን ዘግቼ ቆለፍኩ። በኪስ የሚያዘውን ቁልፍ ባለቤቱ ይዞት መንገዱን ተሻግሮ እንዲቆም ነገርኩት፤ ቁልፉ ከቀረበ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች አይተኙም። ከዚያ ቴስተሩን በባትሪው ኔጋቲቭ መስመር መካከል አስገብቼ 40 ደቂቃ ጠበቅኩ። ቁጥሩ መጀመሪያ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ቆይቶ ቀስ በቀስ ወረደና 280 ሚሊአምፔር ላይ ቆመ፤ ሚሊአምፔር የአምፔር አንድ ሺኛ ነው። ጤነኛ መኪና ተኝታ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ መብላት የለባትም።

280 ሚሊአምፔር ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ የሚያበዛው ሰዓቱ ነው። በ24 ሰዓት 6.7 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የዚህች መኪና ባትሪ አዲስ ሲሆን 60 አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። በስምንት ቀን ወደ 54 የሚጠጋው ወጣ ማለት ነው፤ የተረፈው ሞተር አያስነሣም። የጉንፋኑ ስምንት ቀን ከሒሳቡ ጋር ልክ በልክ ገጠመልኝ። የአዲስ አበባው 23 ቀንማ ባትሪውን ጨርሶ አሟጦታል። የመኪና ባትሪ አንዴ እስከ ታች ተሟጦ ለቀናት ከቆየ በውስጡ ባሉት ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሞሉትም የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም። ጋራዡ «አርጅቷል» ያለው ባትሪ ያረጀ ሳይሆን የተገደለ ነበር። ሰውየው ዘወትር በሚነዳበት ጊዜ ግን ቆማ ያጣችውን ስትሄድ ስለምትመልሰው፣ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላወቀም።

«መኪናው ውስጥ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። ከስፖኪዮው ሥር ያለውን የራዳር ጠቋሚ አሳየኝ። «እሱ እንኳ አይመስለኝም ጋሼ፣ ማታ ማታ በእጄ አጠፋዋለሁ።» ሌሊት ዐይኑን እንዳይወጋው የማሳያውን ብርሃን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶታል፤ ስለዚህ መሣሪያው ይብራ ይጥፋ በዐይን አይለይም። ለጉዞ ሲጣደፍ አንድ ጊዜ ረሳው። ከሌሊት ፈረቃ ታምሞ ሲመለስ ሁለተኛ ረሳው። ገመዱን ከመሣሪያው ነቅዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሌላ 40 ደቂቃ ጠበቅኩ። 20 ሚሊአምፔር።

በደከመ ሰው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ መስመር ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነው። ሰውየውን ልወቅሰው አልቻልኩም። 12 ሰዓት ቆሞ የሠራ ሰው ማጥፊያ መርሳቱ አይቀርም፤ መርሳቱን አስቀድሞ ማሰብ የነበረበት ገጣሚው ነው።

ከዚያ በሾፌሩ በኩል ከመሪው በታች ያለውን ሽፋን አውርጄ በእጅ ባትሪ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ አበራሁ። ያየሁትን ለረጅም ጊዜ የምረሳው አይመስለኝም። አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ ጫፏ ተልጦ፣ ባዶ መዳቧ በአንድ ፊውዝ እግር ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ ፊውዙም ከነጥምጥሙ በጉልበት ተገፍቶ ወደ ሶኬቱ ተመልሷል። ናስትሮ የለም፣ ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ) የለም፣ የራሷ ፊውዝ የለም። በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ጥፋቶች አሉ።

የመጀመሪያው የተመረጠው መስመር ነው። ይህ ፊውዝ መኪናዋ ጠፍታም ቢሆን ዘወትር ኤሌክትሪክ አለው። የባትሪዎቹ ነፍስ የወጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ፊውዝ ሁለት እግር አለው፦ አንዱ ከባትሪ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ዕቃው ይልካል። ፊውዙን ነቅዬ የሶኬቱን ሁለት ጎኖች በቴስተር ስነካ 12 ቮልት ያገኘሁት ሽቦዋ በተጠመጠመችበት ጎን ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በፊውዙ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሽቦዋ ይገባል። ይህች ሽቦ በሆነ ቦታ ተፍቃ የመኪናዋን ብረት ብትነካ፣ ከላይ ያለው ትልቁ ፊውዝ እስኪቃጠል ድረስ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ይፈስባታል። ከጫማ ማሰሪያ የምትቀጥን ሽቦ ያን ያህል አትችልም፤ ትልቁ ፊውዝ ከመቃጠሉ በፊት እሷ ትግላለች። የምትግለውም በጣሪያው ጨርቅና በምሰሶው ፕላስቲክ መካከል ሆና ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ይመስለዋል። ፊውዝ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው በጋለ ጊዜ የሚቀጣጠለው መኪናው ነውና።

ሦስተኛው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሦስት ዙር መዳብ የተጨመረበት እግር የሶኬቱን መንጋጋ ከፍቶታል። ጥምጥሙን አውጥቼ ፊውዙን ብቻ ስመልሰው እንደ ልቅ ጥርስ ይነቃነቅ ነበር። ልል ግንኙነት ይሞቃል፤ የሞቀ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። መንጋጋውን በቀጭን መርፌ መሰል መሣሪያ መልሶ ለማጥበቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሽቦዋን ተከትዬ ወደ ላይ ስሄድ በፊት መስታወቱና በሾፌሩ በር መካከል ካለው ምሰሶ ላይ ደረስኩ። በምሰሶው ፕላስቲክ ላይ ኤርባግ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሟል። የምሰሶው ሽፋን በትንሹ ሲላቀቅ ሽቦዋ በታጠፈው ኤርባግ ፊት ለፊት አግድም ተጋድማ፣ ከበሩ ላስቲክ ጋር ተጣብቃ አገኘኋት። ገጣሚው ሽፋኑን እንኳ አላወለቀም፤ በጠርዙ ክፍተት በጣቱ እየገፋ አስገብቷታል።

የጎን መጋረጃ ኤርባግ በረጅም ከረጢት ታጥፎ ከፊት ምሰሶው ጀምሮ በጣሪያው ጠርዝ እስከ ኋላ ይሄዳል። በጎን ግጭት ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ፍጥነት ወደ ታች ይዘረጋል። በፊቱ የተጋደመ ሽቦ ወይ ተበጥሶ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ወይ ከረጢቱን ይዞ አዘረጋጉን ያዛባል። የፊት ሰው ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ መጋረጃው አንድ ነው። ከሾፌሩ ወንበር በስተኋላ የልጅ መቀመጫ ታስሯል፤ በላዩ ሮዝ ቀለም ያለው የሕፃን ካልሲ ተረስቶ ነበር። ለባለቤቱ ሽቦዋ የተጋደመችበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁት፤ ከዚያ መጋረጃው የሚሄድበትን መስመር ተከትዬ ጣቴን እስከ ኋላው መስኮት ወሰድኩት። ምንም አልተናገረም። ካልሲውን አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ እጅግ ያምር እንደነበር መደበቅ አልፈልግም። አንዲት ሽቦ አትታይም። መሣሪያው ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል። ባለቤቱም «በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ ለጓደኞቹ ያሳይ ነበር። በዚህ ሙያ ስኖር ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ «ንጹሕ» የሚለው ቃል «የማይታይ» ለሚለው ሲሰጥ። ለእኔ ንጹሕ ሥራ ማለት ነገ ሌላ ባለሙያ ሽፋኑን ሲከፍት የት እንደተጀመረ፣ የት እንዳለፈ፣ የት እንደሚቋረጥ በአንድ እይታ የሚያነበው ሥራ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ጥበቃ አንዱም ሳይጎድል ማለት ነው። ተደብቆ የተበላሸ ከተዝረከረከ ይብሳል፤ የተዝረከረከውን ቢያንስ ሰው ያየዋል።

ሽቦዋን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ጣልኳት። አዲስ ከመዘርጋቴ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ማንሣት ነበረብኝ፦ መሣሪያው ተመልሶ መገጠም አለበት ወይ?

የራዳር ጠቋሚ በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ነው፤ በነዳጁ ቀውስ ምክንያት የአገሪቱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 55 ማይል ተደርጎ ነበር፤ የፌዴራሉ ወሰን ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1995 ነው። ፖሊስ ፍጥነት ለመለካት የሚልከውን የራዳር ሞገድ ከሩቅ ሰምቶ ይጮሃል። ሕጉ ግን እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ልዩነቱ የአንድ ድልድይ ርቀት ነው። በሜሪላንድ በግል መኪና ውስጥ ይፈቀዳል። በዋሽንግተን ዲሲ የተከለከለ ነው። በቨርጂኒያም የተከለከለ ነው፤ መሣሪያው ሲሠራ ባይያዝም መኪናው ውስጥ መገኘቱ ይበቃል። የቨርጂኒያ ሕግ ነፃ የሚያደርገው መሣሪያው ከኤሌክትሪክ የተለያየ ሲሆንና ሾፌርም ሆነ ተሳፋሪ በቀላሉ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ሲቀመጥ ነው። ክብደታቸው ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆኑ የንግድ መኪኖች ደግሞ በየትኛውም ግዛት በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል፤ የከባድ መኪና ሾፌር የሆናችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉ።

የደንበኛዬ እህት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልጁን ይዞ ወደ እርሷ ይሄዳል፤ መንገዱ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ነው። ያ ድልድይ ከሜሪላንድ ተነሥቶ የዲሲን የደቡብ ጫፍ በውኃ ላይ ነክቶ ቨርጂኒያ ያርፋል። ዓመት ሙሉ መሣሪያው በርቶ፣ በቋሚ ሽቦ ታስሮ በዚያ ድልድይ ሲመላለስ ኖሯል። ሕጉን አያውቅም ነበር። ሕጉን ላወቀ ሰውም ቢሆን በቋሚ ሽቦ መግጠም ጉዳዩን ያከብደዋል፦ ከሲጋራ መለኮሻው የሚነቀል ገመድ ቢያንስ መንቀልን ያስታውሳል።

ለምን እንደፈለገው ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ የሚሰጠውን መልስ ጠብቄ ነበር። «ጋሼ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፤ ፍጥነት ሰውን ምን እንደሚያደርግ አያለሁ። ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደክሜ ስመለስ ፍጥነቴ ሳላውቀው 80 ይገባል። እሱ ሲጮህ ዐይኔ ወደ ፍጥነት መለኪያው ይሄዳል» አለኝ። አመንኩት። ያም ሆኖ እውነቱን ነገርኩት፦ መሣሪያው በሌዘር የሚለካ ፖሊስ ላይ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ መለኪያው ሥራውን ጨርሷል፤ ፖሊሱ ራዳሩን አጥፍቶ ቆይቶ በእርሱ ላይ ብቻ ሲከፍተውም እንደዚያው ነው፤ በመንገድ ዳር ከቆሙ የፍጥነት ካሜራዎች ያድናል ብሎ መተማመን ሞኝነት ነው። ደግሞም በ24 ጊጋኸርዝ ከሚሠሩ የሌሎች መኪኖች የጎን መከታተያዎች የተነሣ በከንቱ ይጮሃል። እንቅልፍን ግን የሚያባርር ነገር ከሥራ በኋላ 20 ደቂቃ መተኛት ነው አልኩት። ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፦ መሣሪያው ይመለሳል፤ ነገር ግን በሁለት እንቅስቃሴ ተነቅሎ ቤት የሚቀር ሆኖ። እሑድ ወደ እህቱ ሲሄድ መኪናው ውስጥ አይኖርም፤ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫውም አይገባም፤ መንገዱ በዲሲም ያልፋልና። ይህን ካልተቀበለ እንደማልሠራ ነግሬው ነበር፤ ደስ ብሎት ተቀበለ።

የኤሌክትሪኩን ምንጭ ለመምረጥ ሦስት አማራጮች ነበሩ። ራሱን በራሱ የሚያደበዝዝ ስፖኪዮ ያላቸው መኪኖች በስፖኪዮው ጀርባ ሽቦ አላቸው፤ ከዚያ የሚያካፍል አጭር ገመድ አለ፤ ጣሪያና ምሰሶ ሳይነካ ሥራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። የዚህች ካምሪ ስፖኪዮ ግን በእጅ የሚገለበጥ ነው፤ ሽቦ የለውም። ከጣሪያው መብራት መውሰድ ይቻላል፤ እርሱ ግን ዘወትር ኤሌክትሪክ አለውና ወደ ሞተው ባትሪ ይመልሰናል። የቀረው ፊውዝ ሳጥኑ ነው። ከዚያም የመረጥኩት የሲጋራ መለኮሻውን ሶኬት ፊውዝ ነው፤ መኪናዋ ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ቢበላሽም የሰው ሕይወት አይነካም። የኤርባግ፣ የፍሬንና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዞች ባዶ እጅም ቢሆን እንዲነካቸው አልፈቅድም።

ሥራውን የጀመርኩት የባትሪውን ኔጋቲቭ በማላቀቅ ነው። ቶዮታ ኤርባግ ያለበትን ቦታ ከመንካት በፊት ቢያንስ 90 ሴኮንድ መጠበቅ ያዛል፤ በሥርዓቱ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ነው። እኔ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሻይ ቀርቦልኝ ስለነበር አሥር ሆነ።

የምሰሶው ሽፋን ሲጎተት በአንድ ጊዜ አይወጣም። ኤርባጉ ሲፈነዳ ፕላስቲኩ ተወርውሮ ሰው እንዳይመታ የሚይዝ ባለ ማሰሪያ ክሊፕ አለው፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ወጥቶ ይቆማል። እዚህ ላይ ኃይል የጨመረ ሰው ክሊፑን ይሰብረዋል። በፒንሳ ይዞ ሩብ ዙር ማዞር ነው። ክሊፑ አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይገዛል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፤ ቀድሜ አዝዤ ነበር። አሮጌውን መልሰው የሚገጥሙ አሉ፤ ሽፋኑ ይያዛል፣ ማንም አያውቅም፣ በግጭት ቀን ግን ፕላስቲኩን የሚይዘው የለም።

ሽፋኑ ሲወርድ የታጠፈው ኤርባግ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከጀርባው በብረቱ በኩል የፋብሪካው የሽቦ ጥቅል ሲያልፍ ይታያል። አዲሷን ሽቦ በኤርባጉ ጀርባ አሳልፌ ከዚህ ጥቅል ጋር በየ15 ሴንቲሜትሩ በጨርቅ ናስትሮ አሰርኳት። የጨርቁ ናስትሮ ሁለት ጥቅም አለው፦ በሙቀት ቀልጦ አይለጠፍም፣ ሽቦዋም በፕላስቲክ ላይ እየመታች አታንኳኳም። ቢጫ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ምንም ነገር አይታሰርም።

ከምሰሶው እስከ ስፖኪዮው ያለው መንገድ ቀላል ነው። የጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ በጣት ሲጫን ይከፈታል፤ ሽቦዋ ትገባና ይዘጋል። ከስፖኪዮው አጠገብ ግን ማቆም ያስፈልጋል። በዚህች መኪና መስታወት ላይ ከስፖኪዮው ጀርባ የፊት ግጭትን የሚከታተል ካሜራ አለ። የቀድሞው ገጣሚ መሣሪያውን ከካሜራው ሥር አስጠግቶ ሰቅሎት ነበር። ወደ ሾፌሩ በኩል አንድ መዳፍ አራቅኩት፤ የካሜራውን እይታ አይነካም፣ የሾፌሩንም መንገድ አይጋርድም፣ በመስታወቱ ዳር ካሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ወጥቶም ጥርት ያለ መስታወት ያገኛል። መሣሪያውን በውኃ ልክ ከመንገዱ ጋር አስተካከልኩት፤ አንቴናው ወደ ኮፈኑ ካዘነበለ የሚሰማው ርቀት ያጥራል።

ከጣሪያው የወጣችው ገመድ ርዝመት 12 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ጫፏ እንደ ቤት ስልክ ያለች ትንሽ መሰኪያ ናት። በአንድ ጣት ተጭኖ ይነቀላል፣ መሣሪያው ከመያዣው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁለት እንቅስቃሴ። አንድ ነገር ላስጠነቅቅ፦ እነዚህ መሰኪያዎች መልካቸው አንድ ቢሆንም የአራቱ ሽቦዎች አደራደር በየአምራቹ ይለያያል። የሌላ አምራች ገመድ ይገባል ተብሎ ቢሰካ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል፤ ሳልሰካ በፊት በቴስተር ለካሁ።

በፊውዝ ሳጥኑ በኩል ሁለት ፊውዝ የሚይዝ ማካፈያ ተጠቀምኩ። የሶኬቱ የራሱ ፊውዝ በቦታው ይቆያል፤ በላዩ ለአዲሱ መስመር 2 አምፔር ገባ። መሣሪያው የሚበላው ሩብ አምፔር ነው፤ 2 ይበቃዋል። ማካፈያው በሁለቱም አቅጣጫ ይገባል፤ ትክክሉ ግን አንድ ነው። በተሳሳተ አቅጣጫ ከገባ የሁለቱም ዕቃዎች ጭነት በአንዱ ፊውዝ ላይ ይወድቃል። ለማረጋገጥ የሶኬቱን ፊውዝ ብቻ ነቀልኩ፦ መሣሪያው በርቶ ቀረ። መልሼ 2 አምፔሩን ነቀልኩ፦ መሣሪያው ጠፋ፣ ሶኬቱ ሠራ። እያንዳንዱ በራሱ ቆሟል። ኔጋቲቩን ከዳሽቦርዱ ሥር ካለ የፋብሪካ ቡሎን ላይ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቄ፣ በቀለበት ተርሚናል አሰርኩት።

ሽፋኑን ከመመለሴ በፊት በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ አንዲት ወረቀት ለጠፍኩ፤ የምን መስመር እንደሆነ፣ ስንት አምፔር እንደሆነ፣ ሽቦዋ በየት እንደምታልፍና የተገጠመበት ቀን ተጽፎባታል። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ ከሥሩም በአማርኛ።

ባትሪው ተመልሶ ሲታሰር የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሴኮንድ በርቶ ጠፋ፤ ደህና ነው ማለት ነው። እንደገና ኮፈኑ፣ ካቻቢቴው፣ 40 ደቂቃው። ቴስተሩ 20 ሚሊአምፔር ላይ ቆመ፤ መሣሪያው ግን ተሰክቷል፣ ማጥፊያውም እንደተከፈተ ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አነሣው። ሥራው በጠቅላላ አምስት ሰዓት ፈጀ፤ የመጀመሪያው ገጣሚ 40 ደቂቃ ነበር የፈጀበት።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለልኝ። ቤተሰቡን ይዞ በአውሮፕላን ወደ ዘመድ ሄዶ 16 ቀን ቆይቶ ሲመለስ መኪናዋ በአንድ ግፊት ተነሥታለች። የደወለው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። እህቱ ሥራውን አይታ ወዳዋለች፤ ለእርሷም መኪና እንዲሁ አድርጌ የራዳር ጠቋሚ እንድገጥምላት ፈለገች። የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። አይሆንም አልኩት። ምክንያቱን ለእርሷ ራሱ አስረዳት። በቀጣዩ ቅዳሜ መኪናዋን ይዛ መጣችና በዚያው መንገድ፣ በኤርባጉ ጀርባ፣ በአዲስ ክሊፕና በ2 አምፔር ፊውዝ፣ መንገድ የሚቀርጽ ካሜራ ገጠምኩላት።